የብሽሽቴ ስፌትና የአርባ ቀኑ ክርስትና

ሰው ስለ ራሱ ሊያወጋ ሲነሳ ከልቡ ይጀምራል፤ የባሰበት ደግሞ ከአእምሮው። የኔ ወግ የሚነሳው ከብሽሽት ነው። ምን ላድርግ፣ በሽታ ቦታ አማርጦ አይመጣም። አፍንጫዬ ላይ ቢወጣ ኖሮ ስለ አፍንጫዬ አወጋችሁ ነበር፤ ጨዋ ሴትም እባል ነበር። ሳቅ የመጣበት ይሳቅ። ድኜ ነው የማወጋው፤ የዳነ ሰው ምን ያሳፍረዋል።

የአስኳላ ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ከዋርካ ሥር ተቀምጬ ነው፤ እሱም ግማሹ ከጎኔ ካለችው ሴት ጋር ሳወራ አልፎኛል። ስለዚህ ጽሑፌ እንደ አካሄዴ ነው። ገበያ ስወጣ ሦስት ቤት ሳልገባ አልደርስም፤ ሳልደርስ ቀርቼ ግን አላውቅም።

ቤቴ ኮኪት ነው፤ ድንበር ዳር ያለ ቆላ። በጥቅምት አገሩ ሁሉ ሰሊጥ ይሆናል። ሰሊጥ ደግሞ ጠባዩ ክፉ ነው፤ ሲደርስ ካልደረሱለት አፉን ከፍቶ ፍሬውን መሬት ላይ ይዘረግፈዋል። ስለዚህ በዚያ ሰሞን አሮጊት የለ ሽማግሌ የለ፣ እጅ ያለው ሁሉ ማሳ ይወርዳል። ይታጨዳል፣ በነዶ ይታሰራል፣ ነዶው እርስ በርሱ ተደጋግፎ እንዲደርቅ ይቆማል፤ ያንን ክምር ሂላ እንለዋለን። ያን ዓመት የኔ ሥራ ነዶ ማቀበል ነበር። አንዱ የቀን ሠራተኛ አይቶኝ፣ እማማ አርጅተዋል፣ አንድ አንድ እያደረጉ ያንሱ አለኝ። አርጅተዋል ባይለኝ ኖሮ አንድ አንድ ነበር የማነሳው። ስላለኝ ሁለት ሁለት ማንሳት ጀመርኩ። ከሁለተኛው ሂላ ስደርስ በቀኝ ብሽሽቴ ላይ አንድ ነገር ጧ አለ። ቤት ገብቼ ብዳብሰው የዶሮ እንቁላል የምታክል እበጥ ወጥታለች።

ንፍፊት ነው አልኩ። ንፍፊት እንደምታውቁት እግር ሲቆስል ብሽሽት ላይ የሚያብጥ ነው፤ እግር ያጠፋል፣ ብሽሽት ይቀጣል። መድኃኒቱ ቁስሉን ፈልጎ ማዳን ነው። ጎረቤቴን ጥሩዬን ጠራኋት። ጥሩዬ የማታውቀው መድኃኒት የለም፤ ያዳነችው ሰው ነው የጠፋው። እግሬን ጭኗ ላይ አውጥታ ፍለጋ ገባች። በቆላ የኖረ እግር ላይ ቁስል መፈለግ ወንዝ ወርዶ ውሃ እንደመፈለግ ነው፤ ሰባት አገኘች። የእሾህ ስባሪ አወጣች፣ የተሰነጠቀውን በቅባት አሸች፣ አውራ ጣቴን ለአንድ ሳምንት በጨርቅ አስራ አስቀመጠችኝ። እግሬ እንደ ሙሽራ እግር ለሰለሰ። እበጡ እዚያው ነው።

ጠባዩ ደግሞ ግራ ያጋባ ነበር። ስቆም ይወጣል፣ ስተኛ ይገባል። ጥሩዬ ልታይልኝ መጥታ ጋደም ስልላት የለም። ብድግ ስል አለ። ይኼ ንፍፊትሽ ዓይን አፋር ነው አለችኝ። እኔም ዓይን አፋር ነገር በመሸፈን ነው የሚያዝ ብዬ ጨርቅ እንደ ኳስ ጠቅልዬ፣ እበጡ ላይ አድርጌ፣ መቀነቴን በላዩ ጥፍር አድርጌ አሰርኩት። እንዲህ ሆኜ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ኖርኩ። ሰው፣ ምነው ወገብሽ ወፈረ ሲለኝ ጊዜው ጥጋብ ነው እላለሁ።

ስቅለት መጣ። ስግደት ላይ ማንም አይቀድመኝም፤ ይህን የምለው ለመመጻደቅ ሳይሆን እውነት ስለሆነ ነው። ያን ቀን ግን ቀዳሚ አገኘሁ። እኔ አንድ ስሰግድ እሱ ሁለት ይሰግዳል። ወደ መሬት ጎንበስ ስል ከመቀነቱ ሥር ብቅ፣ ቀና ስል ጥልቅ። ከቀትር በኋላ ወጥቶ አልመለስ አለ። ላብ አጠመቀኝ። ጥሩዬ ደግፋ ከጥግ ወሰደችኝ፤ እግሬን ከፍ፣ ራሴን ዝቅ አድርጋ አስተኛችኝና የምታውቀውን ቅዱስ ሁሉ ጠራች። ከብዙ ልመና በኋላ ገባ። በዕድሜዋ የሠራላት መድኃኒት ይኸው አንድ ነው፤ እስከ ዛሬ ታወራዋለች።

በትንሣኤ ማግስት ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሲስተሯ ገና ልጅ ናት፤ እጇ ግን ለስላሳ ነው፣ አነጋገሯም።

"እናቴ፣ እስቲ ያስሉ" አለችኝ።

ሳል የለብኝም አልኳት።

"ግዴለም፣ ለኔ ብለው ያስሉ።"

ሰው ለሰው ስንት ነገር ያደርጋል ብዬ ሳልኩላት። እንቁላሉ ዘሎ እጇ ላይ አረፈ። ሲስተሯ ቀስ ብላ መለሰችውና ይህ ቡአ ነው አለች። ቡአማ የወንድ በሽታ ነው ልጄ፣ እኔ እኮ አያት ነኝ አልኳት። እሷም አልሳቀችብኝም። የሳሳው የሆድ ግድግዳ ነው፣ ግድግዳ ደግሞ ወንድም ሴትም አለው፤ በሴት ላይ ይህ ዓይነቱ ብዙ አይታይም እንጂ ይመጣል ብላ አስረዳችኝ። ወዲያው ገባኝ። አጥር ከላላ ጥጃ መውጣቱ አይቀርም፤ አጥሩ የሹም ይሁን የመበለት ጥጃ አይጠይቅም። ቀጥላ ግን ያልወደድኩትን ነገረችኝ። አንድ ቀን ወጥቶ ካልተመለሰ አንጀቱ ይታነቃል፣ የታነቀ አንጀት ደግሞ ሰው ይገድላል አለች። በግንቦት መጨረሻ ቀዶ ሐኪሞች ለቡአ ዘመቻ ራቅ ካለ ሆስፒታል እንደሚመጡ ነግራኝ ወረቀት ጻፈችልኝ።

እዚህ ላይ ስለናትን ላስተዋውቃችሁ፤ ያለ እሷ ይህ ሁሉ ተራ የብሽሽት ወሬ ነው። ስለናት የልጄ ልጅ ናት። እናቷ፣ አንድያ ልጄ፣ ይህችን በወለደች በሦስት ዓመቷ አረፈች። ያሳደግኋት እኔ ነኝ። አብርሃ ጅራ ከተማ ለአንድ ትራክተር ነጂ ተድራ፣ የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነውና፣ ሆዷን ይዛ እኔ ዘንድ መጥታለች፤ ቀኗ ሰኔ ላይ ነበር። በኛ ዘር ደግሞ አንድ ወግ አለ። ክርስትና የሚነሳ ልጅ ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው በቤቱ ትልቅ ሴት እቅፍ ነው። አያቴ እኔን አቅፋ ሄደች። እናቴ ልጄን አቅፋ ሄደች። እኔ ስለናትን አቅፌ ስሄድ እናቷ ከኋላዬ እየተከተለች፣ ቀስ በይ፣ ድንጋይ አለ፣ ትለኝ ነበር። ቡአውን ስነግራት ስለናት እጄን ወስዳ ሆዷ ላይ አኖረችው።

"እምዬ" አለችኝ፣ "እናቴ የለች። አንቱ ካላቀፉልኝ ማንም እንዲያቅፍብኝ አልፈልግም።"

አቅፋለሁ አልኳት። የኔ ቃል ከሰሊጥ አይቆጠርም፤ ደርሶ አይረግፍም።

ሆስፒታሉ ስደርስ ግቢው ወንድ ብቻ ነው። ከየእርሻው የመጣ ሠራተኛ ሁሉ እግሩን ፈርከክ አድርጎ ቆሟል። አንድ ዝርዝር የያዘ ነርስ፣ አስታማሚዎች ወደ ውጭ ሲል እኔን አየ። ትእዛዝ አክባሪ ነኝና ወጣሁ። ተመልሼ ገባሁ። እናት፣ አስታማሚ ውጭ ነው ብዬ አልነበር አለኝ። እንደገና ወጣሁ። ሦስተኛው ላይ ላስረዳው አፌን ስከፍት ከጥግ ያለ ቀጭን ሰው ይጠየቅ ጀመር። ስሙ ይበልጣል ነው፣ ለአረም ከጎጃም የወረደ ሠራተኛ። አስታማሚ የሌለው አይሠራለትም ተብሏል። ያንተስ የት አለች ሲባል ይበልጣል ዓይኑን ግቢው ውስጥ አዙሮ አዙሮ እኔ ላይ አሳረፈው።

"ያቻትና እናቴ" አለ።

ሁላቸውም ወደኔ ዞሩ። እስቲ ፍረዱ፤ ወንዝ ተሻግሮ የመጣ የሰው ልጅ በሰው ፊት እናቴ ሲል፣ አላውቀውም ይባላል? "አለሁ ልጄ" አልኩ። ወረቀት ቀረበልኝ፤ እንዲቀደድ ፈቅጃለሁ የሚል ነው። በመሠረተ ትምህርት ፊደሌ ስሜን ቀስ ብዬ ጻፍኩ፤ ነርሱ ቆሞ ጠበቀኝ፣ ይበልጣልም በጨርቅ በተሸፈነው አልጋ ላይ ሆኖ ጠበቀኝ። ወደ ውስጥ ሲገፉት፣ እምየ አይሂዱብኝ አለኝ። እንዴት ልሂድ፤ ፈርሜያለሁ እኮ።

ሲወጣ አፉን አረጠብኩለት፣ እግሩን አጠብኩለት። በዕድሜዬ ከእግር የማልላቀቅ ሰው ነኝ። በዚህ መሃል የኔ ስም ሦስት ጊዜ ተጠርቶ፣ አልመጣችም ተብሎ ተሰርዟል። የዘመቻው መጨረሻ ቀን ነው። ይህን ስሰማ ዝርዝሩን የያዘውን ነርስ በኮሪደር ተከትዬ ደረስኩበት።

"የኔ ወንድም፣ ተራዬ አልፎኛል" አልኩት።

"እናት፣ የልጅዎ እኮ ተሠርቷል። ተኝቶ የለ?"

"የሱስ ተሠራ። የኔ ነው የቀረ።"

"የርስዎ ምን?"

"ቡአዬ።"

ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ሄዶ ዶክተሩን ጠራ። ዶክተሩ ጠይም፣ ድካም ያከሰለው ጎልማሳ ነው። እናትም ልጅም ቡአ ያለባቸው መሆኑ ገርሞት፣ በቤታችሁ በዘር የሚሄድ ነገር አለ ወይ ብሎ መዝገብ አወጣ። እንግዲህ ውሸት አንዴ ከጀመረ መዝገብ ድረስ ይሄዳል ብዬ ፈራሁና እውነቱን ነገርኩት፤ ልጄ የሆነው ገና ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ነው አልኩት። ዶክተሩ ግድግዳውን ተደግፎ ሳቀ። በዚያ ሳቅ ነው የተሰረዘው ስሜ የተመለሰ። በሕይወቴ ያተረፍኩት ሁሉ ሰው አስቄ ነው።

ወገቤ ላይ መርፌ ወጉኝ። ከእምብርቴ በታች ያለው ሁሉ የሰው ንብረት ሆነ፤ እግሬን ሳዝዘው አይሰማም። ከላይ ግን ሙሉ ሰው ነኝ፤ ዓይኔ ያያል፣ ጆሮዬ ይሰማል፣ አፌማ ምን ሊያቆመው። ፊቴ ላይ አረንጓዴ መጋረጃ ዘረጉ። ዶክተሩ ከመጋረጃው ማዶ ሲሠራ ሲሠራ ቆየና፣

"ይገርማል" አለ።

ሐኪም ሲገረም በሽተኛ ይደንግጥ። እኔም ደነገጥኩ። ኑ እዩ ብሎ ሌሎቹን ጠራ፤ እነሱም እየመጡ ይገርማል አሉ። በዚያ ክፍል ያልተገረምኩ እኔ ብቻ ነበርኩ፣ መጋረጃው ጋርዶኝ።

"ምን አገኛችሁ? የጠፋባችሁ ካለ የኔ አይደለም" አልኳቸው።

ዶክተሩ አጎንብሶ ከመጋረጃው በላይ አየኝ። እማማ፣ ትርፍ አንጀትዎ ነው፤ ከቦታው ተነስቶ በቀዳዳው ወጥቶ ቡአው ውስጥ ተቀምጧል፤ ይህን ያየሁት ሲያስተምሩን በመጽሐፍ ነበር አለኝ። የኛ አገር ሰው ድንበር ላይ ስለሚኖር ነው አልኩት፤ አንጀቱም ወረቀት ሳይዝ መሻገር ለምዷል። ኬላ ላይ ተያዘ አለ ዶክተሩ። ትርፉን ቆርጦ አወጣውና ግድግዳውን መስፋት ጀመረ። አደራህን ልጄ፣ ሰሊጥ እንደሚሰፋበት ጆንያ አጥፈህ ስፋው፣ ነጠላ ስፌት ፍሬ ያፈስሳል አልኩት። እሺ እማማ አለ። አጥፎ መስፋቱን አላየሁም፤ የሱን እሺ ግን አምነዋለሁ።

በአንድ በሽታ ገብቼ ሁለት ጥዬ ወጣሁ። እኔ ጋደም ስል ይበልጣል ቀና ብሎ ነበር። ሆዱን በአንድ እጁ ይዞ፣ በሌላው ውሃ እያቀበለ አስታመመኝ። ነርሱ አይቶን፣ አሁን ማን ማንን እንደሚያስታምም ጠፋኝ አለ።

ስወጣ ዶክተሩ ትእዛዙን ሰጠኝ። ሁለት ወር ሙሉ፣ ስልሳ ቀን፣ ከባድ ነገር እንዳያነሱ፤ ስፌቱ ይለቃል፣ ከለቀቀ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከፋል አለኝ።

"ከባድ ማለት ስንት ነው?" አልኩ።

"ከአምስት ኪሎ በላይ።"

"ሰውስ?"

"የምን ሰው?"

"ትንሽዬ ነው።"

"ስንት ኪሎ ይሆናል?"

"እሱን አላውቅም። ገና አልተወለደም።"

ዶክተሩ ካርዴን ዘጋ።

ቤት ገብቼ ጣቴን መቁጠር ያዝኩ። ወንድ ከሆነ ክርስትናው በአርባ ቀን፣ ሴት ከሆነች በሰማንያ። ሰማንያ ለኔ ሰፊ ሜዳ ነው፣ አርባው ግን ገደል። እንግዲህ አገር ሁሉ ወንድ ስጣት እያለ ሲጸልይ እኔ ብቻዬን በዝግታ ሴት፣ ሴት እላለሁ። ጥሩዬ ነቃችብኝና፣ አንቺ ሴት ለስፌትሽ ብለሽ የእግዜርን ሥራ ታዝዣለሽ ወይ አለችኝ። አላዘዝኩም፤ ሐሳብ ነው ያቀረብኩ።

በተሰፋሁ በዘጠነኛው ቀን ስለናት ረፋዱ ላይ ምጥ ያዛት። ሲስተሯ ከነቦርሳዋ መጣች፤ እኔን ከክፍሉ አስወጥታ ጓሮ አስቀመጠችኝ፣ አንዳች ነገር ታነሳለች ብላ ፈርታ። ቁጭ ብዬ ጆሮዬን ጣልኩ። በኛ ዘንድ እልልታው ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ነው። ሕፃን አለቀሰ። ጥሩዬ እልል አለች። አንድ። ሁለት። ሦስት። ዝም አለች። እጄን ወደ ሰማይ ዘረጋሁ፣ እንባዬ መጣ፣ ሰማንያ ቀን፣ ሰማንያ ሰፊ ቀን። ለካ ጥሩዬ አርጅታ ትንፋሽ ልትወስድ ነው የቆመችው። አራት አለች። አምስት። እንዲህ ሰባት አደረሰችው። በእጄ መዘርጋት ያፈርኩትን ያህል በቡአዬ አላፈርኩም። ገብቼ ሳየው ግን ሰማንያውንም አርባውንም ረሳሁት፤ የልጄን ግንባር ይዞ ነው የመጣው፣ መሃሉ ላይ ካለችው መስመር ጋር።

ሂሳቡ ይኸውላችሁ። ሲወለድ ዘጠኝ ቀኔ ነው፤ ክርስትናው አርባ ዘጠነኛ ቀኔ ላይ ይውላል። አሥራ አንድ ቀን አጠረኝ። የቀረኝ አንድ በር አምስቱ ኪሎ ነው። ልጁ እስከ አርባ ቀኑ ከአምስት ኪሎ በታች ከቆየ አቅፌው እሄዳለሁ። ስለናት ግን ጡቷ ወንዝ ነው። ልጁ ይጠባል፣ ያገሳል፣ ይጠባል። አንጓው ሲደራረብ፣ ጉንጩ ሲንጠለጠል አያለሁ። ሰው ሊጠይቅ መጥቶ ምን ያህል ፋፋ ሲል ሁሉም ተመስገን ይላል፤ እኔ ጥግ ይዤ እተክዛለሁ። ልጅ ወፈረ ብላ ያዘነች ቅድመ አያት ከኔ በፊት አልታየችም።

በሠላሳ ስምንተኛ ቀኑ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ሲስተሯ ሚዛኑ ላይ አንጠለጠለችው። አምስት ኪሎ ከአራት መቶ ግራም። ልብሱን አወለቅነው፤ ያኔም ከአምስት አልወረደም። አይሆንም እናቴ አለችኝ።

አሁን የምነግራችሁን ጅልነት አትበሉት፣ ዕውቀት ነው። በከተማችን አንድ የሰሊጥ ነጋዴ አለ። ስሙን አላነሳም፤ ሚዛኑን ግን ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። መቶ ኪሎ ይዘህለት ብትሄድ ሰማንያ ብሎ ይነግርሃል። ሐምሌ ነውና ሰሊጥ የለም፣ ሚዛኑ ሥራ ፈትቶ ቆሟል። ስለናትን ልጁን አስይዤ ሄድን። ይህን ልጅ መዝንልኝ አልኩት። ሰውየው እንደ ልማዱ፣ ከነጆንያው ነው ወይ አለኝ። ከነጨርቁ አልኩ። ስለናት ሳህኑ ላይ አጋደመችው። ሚዛኑ ተንቀጠቀጠ፣ ቆመ። አራት ኪሎ ከግማሽ።

"አምላክ ይስጥህ" አልኩት። በዚያ ሚዛን ተሰርቃ ያመሰገነች የመጀመሪያዋ ሰው እኔ ነኝ። ደጁ ላይ የተቀመጡ ገበሬዎች ሁሉ ተነስተው መጡ፤ የጤና ጣቢያውን ልክ ነገርኳቸው። ጤና ጣቢያው አምስት ተኩል ሊል ጥቂት ነው የቀረው፣ እዚህ አንድ ኪሎ የት ሄደ ብሎ አንዱ ጠየቀ። ነጋዴው ላብ በላብ ሆነ።

"ሚዛኔ ተማም ነው" አለ፤ ልክ ነው ማለቱ ነው። "ልጁ ነው የቀለለው።"

ያንን ቁጥር በብጣሽ ወረቀት አስጽፌ ወደ ሲስተሯ በረርኩ። አነበበችው። ፊቷ ላይ ሳቅና ቁምነገር ተጣሉ፤ ቁምነገሩ አሸነፈ።

"እናቴ፣ ይህ ሚዛን እውነት ከሆነ ልጁ በአንድ ቀን አንድ ኪሎ ጎድሏል። የጎደለ ልጅ ደግሞ ለሕክምና ይተኛል። ልላከው?"

ወረቀቱን ተቀብያት ቀደድኩት። የሌባ ሚዛን ለሌባ እንጂ ለክርስትና አይሆንም። ያን ቀን እየተጎተትኩ ተመለስኩ። ያሳዘነችኝ ስለናት ናት። ልጁን ወደ ግድግዳ ዞራ ታጠባለች። ሲቆይ፣ ለጥሩዬ ይሰጥ እንዴ እምዬ አለችኝ፣ ፊቷን ሳታዞር። እኔ ባነሳሁት ሁለት ነዶ እናቷን ሁለተኛ የቀበርኩባት መሰለኝ።

በማግስቱ ይበልጣል ሊጠይቀኝ መጣ። በቅርብ ካለ እርሻ ወጥ ይሠራል፤ አረም እንዳይነቅል ስፌቱ ከልክሎታል። ነገሩን ሁሉ አጫወትኩት። በቅሎ ብንፈልግስ አለ። በቅሎ እኛ ቆላ አትበረክትም፣ ዝንቡ ይፈጃታል። ባጃጅስ? በሐምሌ ጭቃ ባጃጅ ራሷ ተሸካሚ ትፈልጋለች። የገመድ አልጋዬን አየት አደረገና ጠየቀኝ።

"እምየ፣ በኛ አገር የታመመ ሰው በቃሬዛ ሲሄድ ጋቢውን ማን ይይዝለታል?"

"ራሱ ነዋ።"

"እንግዲህ አንቱ ልጁን አቅፈው ይቀመጡ። አንቱን እኛ እንሸከማለን።"

ዞር ብዬ ስለናትን አየኋት። ፊቷን ከግድግዳው መልሳለች።

ሲስተሯንም አስጠየቅሁ። ተቀምጦ ጭን ላይ ማቀፍ ማንሳት አይደለም፣ ሌላ ሰው አንስቶ ጭንዎ ላይ ያኑረው እንጂ አለች። በአርባኛው ቀን ማለዳ የገመድ አልጋዬን ሁለት ጣውላ አግብተውበት ቃሬዛ አደረጉት። ወጣሁበት። ስለናት ልጇን ከደረቷ አውርዳ ጭኔ ላይ አኖረችው፤ በሁለት እጄ ከበብኩት። አራት ጎረምሶች ተሸከሙን። ይበልጣል መሸከም አይችልም፣ እሱም ገና አልሞላለትም፤ ጃንጥላ ያዘ። ጃንጥላ አምስት ኪሎ አይሞላም። ዝናቡ ስለሚያካፋ እኔንም ልጁንም በጋቢ ሸፍነውናል።

እንግዲህ ያልጠበቅነው ይህ ነው። በኛ አገር ቃሬዛ ያየ ሰው ዝም ብሎ አያልፍም። መጀመሪያ ከማሳ ዳር ያሉ አራሚዎች አዩን። ዶማቸውን ጥለው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው መጡና ትከሻ ገቡ። እነሱን አይተው ሌሎች መጡ። ማን ታመመ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ መጀመሪያ መሸከም ነው፣ ጥያቄ ኋላ ነው። በመንገድ ያለ አላፊ ሁሉ ተጨመረ። ከእድሬ ያለች አንዲት ሴት በአጥሯ ላይ ሆና ጋቢውን አየች፣ ስለናት ከኋላ እንባዋን ስትጠርግ አየች፣ የደስታ እንባ መሆኑን ማን ይነግራታል። ወዮ እያለች ደረቷን እየደቃች ወጣች። ስሜን እየጠራች፣ ደግነቴን እየዘረዘረች ታለቅስልኛለች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጥቂት ዝም ብዬ ሰማኋት። ደግ መሆኔን እኔም አላውቅም ነበር። ኋላ ግን ኃጢአት ነው ብዬ ከጋቢው እጄን አወጣሁ።

"አለሁ" አልኳት።

ባልናገር ይሻል ነበር። የፊተኛው ልቅሶ ከኋለኛው ጩኸት ጋር ሲነጻጸር ዘፈን ነበር። ጥሩዬ ደግሞ ለማስተካከል ብላ እልል አለች። ከፊት እልልታ፣ ከኋላ ወዮታ፣ መሃል ላይ እኔና ልጁ ከፍ ብለን እንጓዛለን። ልጁ ተኝቷል። ጎንበስ ብዬ በጆሮው፣ ቀስ፣ ድንጋይ አለ፣ እለዋለሁ።

ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ስንደርስ ስልሳ ሰው ሆነናል። አባ ልቅሶውን ሰምተው መስቀላቸውን ይዘው ወጡ።

"ማን አረፈ?" አሉ።

"ማንም አላረፈም አባ። የሚጠመቅ ነው።"

አባ ጋቢውን ገለጥ አደረጉ። ልጁን አዩ፣ እኔን አዩ።

"ከሁለታችሁ የትኛው?" አሉ።

ስለናት የዚያን ጊዜ ነው የሳቀችው። ከእናቷ ሞት ወዲህ ያንን ሳቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር፤ የእናቷ ሳቅ ነው። ልጁን ከጭኔ ላይ ራሷ ተቀበለችኝ።

በተሰፋሁ በስልሳ አንደኛው ቀን ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሲስተሯ ወረቀቷን ዘረጋች። በእነዚህ ሁለት ወራት ከባድ ነገር አንስተው ነበር ወይ አለችኝ፤ እየሳቀች ነው የጠየቀችኝ፣ ወሬው ሽንፋ ከተማ ደርሷል።

"እኔስ አላነሳሁም" አልኳት። "እኔን ያነሱኝ ግን ስልሳ ይሆናሉ።"

ጠባሳውን አየች፣ ዳበሰች፣ ቆሞ ነው ይህ የሚታይ አለች። ቆምኩ። ከበሩ ስለናት ልጁን ይዛ ነበርና፣ ወዲህ በይ አልኳት። ስድስት ኪሎውን በሁለት እጄ ተቀብዬ፣ ማንም ሳይደግፈኝ፣ ደረቴ ላይ አወጣሁት። ከበደኝ፤ ክብደቱን ወደድኩት።

"በሉ እናቴ" አለች ሲስተሯ፣ እጇን ብሽሽቴ ላይ አድርጋ፣ "እንዲህ እንዳሉ ያስሉ።"

ሳልኩ። ከልጁ ልቅሶ በቀር የወጣ ነገር አልነበረም።